አዝነሽላት ኮኑን እንዳታወልቂ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። እንደ ታናሽ እህትዎ ቆጥረው ይምከሩኝ። ቡቺ የምትባል የስምንት ዓመት ውሻ አለችኝ። ካለፈው ወር ጀምሮ ውኃ አብዝታ ትጠጣና ቶሎ ቶሎ ትሸና ነበር። ሙቀቱ ነው ብዬ ችላ አልኩት። ምግብ ስትተው ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ ማህፀኗ መግል ሞልቷል ተብሎ በዚያው ቀን ቀዶ ጥገና ተደረገላትና ማህፀኗ ወጣ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት አመጣኋት። ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አደረች። ዛሬ ምግቧን አሽትታ ተወችው። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ሰገራ አልወጣችም። ቁስሏን እንዳትልስ አንገቷ ላይ ያደረጉላት ሰፊ የፕላስቲክ ከለላ፣ ኮኑ፣ ከበሩም ከግድግዳውም ጋር እያጋጫት፣ ግራ ገብቷት ፍዝዝ ብላ ስትቆም አንጀቴን ትበላዋለች። ወንድሜ «ይሄማ ጭካኔ ነው፣ አውልቂላት፣ ውሻ ቁስሉን ራሱ ልሶ ያድናል» ይለኛል። እናቴ ደግሞ ለሕመሟ ግማሽ ፓራሲታሞል ብንሰጣትስ ትላለች። ስፌቱ ዙሪያ ትንሽ ቀላ ብሏል። ሐኪሙ ሲያስረዳኝ እያለቀስኩ ስለነበር ግማሹን አልሰማሁትም። ከሁሉ በላይ ግን ቶሎ ብወስዳት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰባት እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ላድርግ?

ጭንቅ የያዛት

መልስ

እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ፓራሲታሞሉን ወደ ቦታው መልሺው። እናትሽ ያሰቡት ከርኅራኄ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ለሰው የተሠራ ማስታገሻ ለውሻ መርዝ ሊሆን ይችላል። ፓራሲታሞል የውሻን ጉበት ይጎዳል፤ መጠኑ ከፍ ሲል ደግሞ ደሟ ኦክስጅን መሸከም እንዲያቅተው ያደርጋል። አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክና አስፕሪን ጨጓራን ያቆስላሉ፤ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። የቡቺ ኩላሊት ደግሞ ገና ከፈተና የወጣ ነው። ያን ያህል ውኃ ትጠጣ የነበረው ማህፀኗ ውስጥ የተባዙት ባክቴሪያዎች የሚለቁት መርዝ ኩላሊቷ ውኃን ቆጥቦ እንዳያስቀር ስላደረገው ነው። ሽንቷ እየቀጠነ ሲፈስ የጠፋውን ለመተካት ትጠጣ ነበር። ይህን ኩላሊት አሁን በሰው መድኃኒት ልንፈትነው አይገባም። ምናልባት ደብዳቤውን ከላክሽ በኋላ ሰጥታችኋት ከሆነ፣ ንባቡን እዚህ ላይ አቋርጪና ስንት ሚሊግራም በስንት ሰዓት እንደዋጠች ለሐኪሙ ደውለሽ ንገሪ።

ባልሰጣችኋትም ዛሬውኑ መደወልሽ አይቀርም። በድንጋጤ ውስጥ ሆኖ የሰማውን መርሳት ያለ ነው፤ ሐኪሞችም ይህን ስለሚያውቁ ደግመሽ ብትጠይቂ ማንም አይታዘብሽም። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘሽ ጠይቂ፦ የማስታገሻዋ ስም ማን ነው፣ ቀጣዩ በስንት ሰዓት ይሰጣል፣ ስፌቱ ራሱ በሚሟሟ ክር ነው ወይስ የሚቆረጥ፣ ለምርመራ መቼ ትመለሳለች፣ ሌሊት አንድ ነገር ቢፈጠር ለማን ይደወላል። ከማህፀኗ ጋር እንቁልጢዎቿም፣ ማለትም እንቁላል የሚያመነጩት አካሎቿ፣ ወጥተው እንደሆነ ጠይቂ። ለምን እንደሚያስፈልግሽ ወደ በኋላ እነግርሻለሁ።

የማስታገሻውን ነገር ትንሽ ላስፋው። ለውሻ ብዙ ጊዜ የሚታዘዙት ሜሎክሲካም ወይም ካርፕሮፌን ናቸው። ልካቸው በኪሎዋ ተሰልቶ የተሰጠ ስለሆነ «ዛሬ ባሰባት» ብለሽ አትጨምሪ፣ «ዛሬ ደኅና ነች» ብለሽም አትዝለይ። ሕመም ከተነሣ በኋላ ከማባረር ሳይነሣ መያዝ ይቀላል። ከምግብ ጋር ስጫት። ካስታወከች፣ ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ጨርሶ መብላት ካቆመች ቀጣዩን ከመስጠትሽ በፊት ደውዪ። አንዱ ሰዓት ቢያመልጥሽ ሁለቱን ባንድ ላይ አትስጫት። ከዚህ በፊት ለሌላ ሕመም የታዘዘላት ፕሬድኒሶሎን ቤት ውስጥ ተርፎ ከሆነ ደግሞ ከእነዚህ ጋር ፈጽሞ እንዳትደባልቂው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ጨጓራዋን ሊበሱት ይችላሉ። አንቲባዮቲክ ከታዘዘላት ብትሻላትም እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ድረስ ጨርሺው። ክኒን እምቢ ካለችሽ ሦስት ትናንሽ ቁራጭ ሥጋ አዘጋጂ። የመጀመሪያው ባዶ፣ ሁለተኛው ክኒኑን የያዘ፣ ሦስተኛው ባዶ። ሦስተኛውን አፍንጫዋ ሥር ይዘሽ ከታየሽ ሁለተኛውን ሳታላምጥ ትውጠዋለች።

አሁን ወደ ሌሊቱ ለቅሶ እንምጣ። ማደንዘዣውና በቀዶ ጥገናው ጊዜ የተሰጣት ጠንካራ ማስታገሻ ከሰውነቷ ተጠርጎ እስኪወጣ ድረስ እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። እስከዚያ ድረስ ውሻ የት እንዳለች ይጠፋባታል፣ ትንገዳገዳለች፣ ዓይኗ ክፍት ሆኖ ታቃስታለች። ለመስማት ያስጨንቃል፤ ግን ለቅሶው ብቻውን የሕመም ምልክት አይደለም። እንዲያውም ብዙ ውሾች ሕመሙ ሲበረታባቸው ዝም ይላሉ። ስለዚህ ከጆሮሽ ይልቅ ዓይንሽን እመኚ። ጀርባዋ ከጎበጠ፣ ሆዷ ከጠነከረ፣ ክፍሉ ሳይሞቅ የምታለከልክና የምትንቀጠቀጥ ከሆነ፣ መተኛት ፈርታ ተቀምጣ የምታንቀላፋ ከሆነ፣ የፊት እግሮቿን ዘርግታ ወገቧን ወደ ላይ ሰቅላ የምትቆይ ከሆነ፣ ወይም ከዚህ በፊት የማታደርገውን ስትጠጊያት የምታጉረመርም ከሆነ ያ ሕመም ነው። ማስታገሻው ስላልበቃት ሐኪሙ ሌላ ሊጨምርላት ይችላል፤ ውሳኔው ግን የእሱ ነው።

ለጊዜው ከአንቺ የምትፈልገው ቀላል ነው። ጸጥ ያለ፣ ብርሃኑ ደብዘዝ ያለ ክፍል፤ ወለሉ ላይ ወፍራም ምንጣፍ ወይም ፍራሽ፤ ለስላሳ ብርድ ልብስ። ከማደንዘዣ በኋላ ሰውነት ሙቀቱን መጠበቅ ስለሚከብደው ብርድ እንዳያገኛት ጠብቂያት፤ ማሞቂያ ግን ሰውነቷ ላይ አታስጠጊ፣ ሸሽታ መነሣት ስለማትችል ቆዳዋ ሊቃጠል ይችላል። ከቻልሽ ለሁለትና ሦስት ሌሊት አጠገቧ ወለሉ ላይ ተኚ። እሷን ወደ አልጋሽ አታውጫት፤ እንቅልፍ ላይ ሳለሽ ዘላ ትወርዳለች። ብታሳል ደግሞ አትደንግጪ፤ በማደንዘዣው ጊዜ ለመተንፈሻ ጉሮሮዋ ውስጥ የገባው ቱቦ ስለሚያሳክካት አንድ ሁለት ቀን ቀለል ያለ ሳል ሊኖር ይችላል።

ምግብ አሽትታ መተዋ በመጀመሪያው ቀን የተለመደ ነው። ከንፈሯን ደጋግማ የምትልስ፣ ለሃጯን የምታዝረከርክ፣ ሳህኑን ስታይ ፊቷን የምታዞር ከሆነ አቅለሽልሿታል። አፏን ከፍተሽ አታጉርሻት፤ ገና ያልነቃች ውሻ ምግቡን ወደ ሳንባዋ ልትስበው ትችላለች። ከዚያም በላይ በግድ የተሰጣትን ምግብ ከማቅለሽለሹ ጋር አያይዛ ከተሻላትም በኋላ ልትጠላው ትችላለች። ከወትሮው ምግቧ ሩቡን ወይም ግማሹን፣ ሽታው እንዲነሣ ለብ ባለ ውኃ አርሰሽ አቅርቢላት። ወይም ቆዳና አጥንት የሌለው የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ በእጅሽ ይዘሽ አሽትቻት። ጨው፣ ቅባት፣ በተለይም ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የነካው መረቅ አይሁን፤ ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። ቤት ከገባች 24 ሰዓት አልፎ ምንም ካልቀመሰች ለሐኪሙ መነገር አለበት። እንዲህ ካለ ሕመም ለወጣች ውሻ እኔ «እስኪ ነገን ልየው» አልልም። እንግዲህ ሰዓቱ ደርሷልና ዛሬ ስትደውዪ ይህንንም አንሺው።

ውኃ ግን አትከልክያት። በመጀመሪያው ምሽት ባንድ ጊዜ ብዙ ከጠጣች ታስታውካለችና ጥቂት ጥቂት ማቅረብ ጥሩ ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ሁልጊዜ ንጹሕ ውኃ አጠገቧ ይኑር። ጥማቷ ባንድ ቀን አይቆምም፤ ኩላሊቷ እያገገመ ሲሄድ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ስንት ጊዜ እንደምትሸናም ተከታተዪ። በደም ሥሯ ግሉኮስ ተሰጥቷት ከሆነ ብዙ ትሸናለች፣ ተኝታ ሳለች ልታመልጣትም ትችላለች። ጨርቁን ቀይሪ እንጂ አትቆጫት። ሙሉ ቀን ሳትሸና ከዋለች ግን ያ ያሳስባል።

ስለ ሰገራው ብዙ አትጨነቂ። ከቀዶ ጥገናው በፊት ጾማለች፣ ከዚያ በፊትም ምግብ ትታ ነበር፤ አንጀቷ ውስጥ የሚወጣ ነገር የለም። ጠንካራ ማስታገሻም አንጀትን ያዘገያል። ሦስት አራት ቀን ቢቆይ ያለ ነው። ከዚያ ካለፈ ወይም እያማጠች ምንም ካልወጣት ጠይቂ። የሰው ማስቀመጫ መድኃኒትም ሆነ ዘይት አትስጫት።

ቁስሉን ቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ በጥሩ ብርሃን እዪው። በየቀኑ በዚያው ሰዓትና በዚያው ርቀት በስልክሽ ፎቶ አንሺው። የሚያስፈራራ ሐሳብ ሲመጣብሽ የትናንቱን ከዛሬው ጋር ማስተያየት ከመገመት ያድናል፤ ለሐኪሙም ልትልኪው ትችያለሽ። አሁን የምታይው ቀላ ማለትና ጠርዙ ትንሽ ማበጥ በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ሰውነት ቁስሉን መጠገን መጀመሩን ያሳያል። በመጀመሪያው ቀን ውኃ መሰል ወይም ሮዝ ጠብታም ሊኖር ይችላል። መቅላቱ እየቀነሰ ሳይሆን እየሰፋ ከሄደ፣ ሲነካ ካቃጠለ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካለው፣ ጠርዙ ከተለያየ፣ ደም መንጠባጠብ ካላቆመ ግን ያን ጊዜ ወደ ሐኪም ነው። ቁስሉ ላይ ምንም አትቀቢ። አልኮልና ኃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ጀርሙን ብቻ ሳይሆን አዲስ የሚበቅለውንም ሥጋ ያቃጥላሉ፤ ቅባት ደግሞ እንድትልሰው ይጋብዛታል። ቢቆሽሽ ዙሪያውን ብቻ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ጠርገሽ አድርቂው። ስፌቱ እስኪወጣና ሐኪሙ እስኪፈቅድ ገላ መታጠብ የለም።

አሁን ወንድምሽን ላነጋግረው።

«ውሻ ልሶ ያድናል» የሚለውን ብዙ ሰው ያምናል። ምራቅ ውስጥ ጀርምን በመጠኑ የሚያዳክም ነገር መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው ምራቅ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ብዙ ናቸው። የቀዶ ጥገና ቁስል ደግሞ በንጹሕ መሣሪያ ተከፍቶ ንጹሕ ሆኖ የተዘጋ ነው፤ ምላስ እዚያ ላይ ቆሻሻ ያመጣል እንጂ የሚያጸዳው ነገር የለም። ሻካራና እርጥብ ምላስ ቆዳውን ያላላል። ማላስ ሲሰለቻት የፊት ጥርሶቿን ትጠቀማለች፤ ክር መቁረጥ ለእነሱ የደቂቃ ሥራ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አላውቀውም። ጃክ የሚባል ውሻ ነበረኝ፤ የዋጠው ጨርቅ አንጀቱን ዘግቶት ሆዱ ተከፍቶ ወጣለት። በአራተኛው ቀን ማታ ጥሩ በላ፣ ጅራቱን ቆላ፣ ኮኑን በበሩ መቃን እያንኳኳ አየኝ። እንደ አንቺ አንጀቴ ተላወሰ። ለእራቱ አወለቅኩለት፤ ከበላም በኋላ «ትንሽ ይረፍ» ብዬ ሳልመልስለት ቀረሁ። ሌላው ክፍል ውስጥ ስልክ ጠራ። ወሬው አሥር ደቂቃ የሚሞላ አይመስለኝም። ስመለስ ሦስት ስፌት በጥሶ ቁስሉ ተከፍቷል። የማልረሳው ደሙን አይደለም፤ ሲያየኝ ደስ ብሎት ጅራቱን እየቆላ መሆኑን ነው። ምንም ክፉ ነገር አደረግኩ ብሎ አላሰበም፤ የሚያሳክከውን ነገር አስወገደ፣ በቃ። በዚያው ሌሊት እንደገና ደንዝዞ እንደገና ተሰፋ። ከሁለተኛው ስፌት ለማገገም ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ያዘንኩለት መስሎኝ ያን ሁሉ ሥቃይ ደገምኩበት።

ስለዚህ ኮኑ ቀንና ሌሊት፣ ስትተኛም ስትበላም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን አይወልቅም። ግጭቱ የሚበዛው ልኩ ሳይሆን ሲቀር ነውና መጀመሪያ ልኩን አረጋግጪ። አንገቷና ማሰሪያው መካከል ሁለት ጣትሽ ይግባ፤ የኮኑ ጠርዝ ከአፍንጫዋ ጫፍ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አልፎ ይውጣ። ካጠረ ተጣጥፋ ሆዷ ላይ ትደርሳለች። የምግቧን ሳህን ከኮኑ አፍ ጠበብ ያለ አድርጊና ከፍ ባለ ነገር ላይ አስቀምጪላት፤ ያን ጊዜ ኮኑ ሳህኑን ከቦት ይወርዳል እንጂ ወለሉን አይመታም። ወንበርና ጠረጴዛውን ገለል አድርጊ። ብዙ ውሾች በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ይለምዱታል። እንደ አንገት ትራስ የሚነፋ አለ፤ ለሆድ ቁስል ግን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ሆድ የሚሸፍን ልብስም አለ፤ ለአንዳንዷ ይሠራል፣ ለአንዳንዷ ግን ጨርቁን አኝካ ከሥሩ ያለውን መፈለግ ነው። ሐኪሙ ይሁን ካላለሽ በቀር ኮኑ ይሻላል።

ከኮኑ ቀጥሎ ሰው የሚሳሳትበት ቀን አለ፤ እሱም አምስተኛው ቀን አካባቢ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሁሉም ሰው ይጠነቀቃል፣ ውሻዋም ራሷ አትነሣም። መግሉ የወጣላት ውሻ ደግሞ ከሌላው ቶሎ ትነቃለች፤ ሳምንታት ሲመርዛት የነበረው ነገር ስለወጣ ከቀዶ ጥገናው በፊት ከነበረችበትም የተሻለ ጉልበት ይኖራታል። በአምስተኛው ቀን ቡቺ በር ላይ ቆማ ስትጮህ፣ እንግዳ ሲመጣ ልትዘል ስትሞክር ታያታለሽ። የላይኛው ቆዳ ተጣብቋል፤ ዳነች ትያለሽ። አንቺ የምታይው ግን የላይኛውን ብቻ ነው። ሆዷ የተሰፋው በንብርብር ነው። ከቆዳው በታች ያለው የሆድ ግድግዳ አንጀቷን ተሸክሞ የያዘው በራሱ ጥንካሬ ሳይሆን በክሩ ነው። አዲሱ የሥጋ ክር መፈተል የሚጀምረው ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ጠንክሮ ሸክሙን እስኪረከብ ሳምንታት ይወስዳል፤ ከወራትም በኋላ ቢሆን ጠባሳ የቀድሞውን ቆዳ ጥንካሬ ሙሉ በሙሉ አይመልስም፣ 80 በመቶ ገደማ ነው የሚደርሰው። ውስጥ የታሰሩት የደም ሥሮችም አሉ። አንድ ዝላይ ይህን ሁሉ ሊፈታ ይችላል።

ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ሩጫ የለም፣ ደረጃ የለም፣ ሶፋ ላይ መውጣት የለም፣ ከልጆችም ከሌላ ውሻም ጋር መታገል የለም። ለሽንት ስትወጣ በአጭር ማሰሪያ፣ አምስት ደቂቃ ያህል፣ ቀስ ብላ፤ ግቢው የታጠረ ቢሆንም እንኳ ማሰሪያው ይኑር። ወለሉ የሚያንሸራትት ከሆነ ምንጣፍ ዘርጊበት። መሸከም ካለብሽ አንዱ እጅሽ ከደረቷ ሥር፣ ሌላው ከኋላ እግሮቿ በስተጀርባ ይሁን፤ ሆዷን አትያዥ። ሰው ሲመጣ አስቀድመሽ ሌላ ክፍል ዝጊባት።

ጉልበቷን ካሠርሽ አእምሮዋን ማሠራት አለብሽ፤ ያለዚያ ስልቹነቱ ወደ ቁስሉ ይወስዳታል። ፎጣ ዘርግተሽ ደረቅ ምግቧን በተንበት፣ ጠቅልይው፣ ራሷ እየፈታች እያሸተተች ትብላ። ኮኑ ካስቸገራት ፎጣውን በእጅሽ ደግፊላት። የምታውቃቸውን ቃላት ተኝታ ሳለች አስደግሚያት፦ «እጅሽን»፣ «እዪኝ»፣ «ቆዪ»። ማሽተትና ማሰብ ከሩጫ ባልተናነሰ ያደክማታል። እኔ በጃክ ሁለተኛ ስፌት ጊዜ ያዳነኝ ይህ ፎጣ ነበር።

ቁስሉ አጠገብ ለስላሳ፣ የማያማት፣ ውኃ የያዘ የሚመስል እብጠት በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ሊወጣ ይችላል። ብዙ ስትንቀሳቀስ ከቆዳው ሥር ፈሳሽ ይጠራቀማል። አትጭመቂው፣ በመርፌም አትውጊው፤ ፎቶውን ላኪ፣ እንቅስቃሴዋን ቀንሺ፤ ብዙ ጊዜ በራሱ ይመጠጣል። ነገር ግን እብጠቱ ውኃ ይሁን ወይስ የሆድ ግድግዳው ተከፍቶ የገፋ ነገር በዓይን ብቻ መለየት ስለሚከብድ ሐኪም ይንካው።

ድዷን ማየት ዛሬውኑ ተለማመጂ። ከንፈሯን ገለጥ አድርገሽ ቀለሙን ልብ በዪ፤ ሮዝና እርጥብ መሆን አለበት። በጣትሽ ጫን አድርገሽ ስትለቂው ነጣ ይልና በ2 ሴኮንድ ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል። ድዷ በተፈጥሮው ጥቁር ከሆነ የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ውስጠኛ ክፍል እዪ። ተኝታ ስትተነፍስ በደቂቃ ከ30 በታች መሆን አለበት፤ 30 ሴኮንድ ቆጥረሽ በሁለት አባዢው። ሙቀቷን ለመለካት ሐኪሙ ካሳየሽ፣ የጤነኛ ውሻ ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ የእኛን ልክ ይዘሽ ትኩሳት አለባት እንዳትዪ። ድዷ እንደ ወረቀት ከነጣ፣ መቆም ካቃታት፣ ሆዷ እየተነፋ ከሄደ፣ ደጋግማ ካስታወከች፣ ሙቀቷ ከ39.5 በላይ ወይም ከ37.5 በታች ከሆነ፣ ለመተንፈስ ከታገለች፣ ሰዓቱን ሳታዪ ይዘሻት ሂጂ። ከቁስሉ ውስጥ ሥጋ መሰል ነገር ብቅ ቢል መልሰሽ ለማስገባት አትሞክሪ፤ ንጹሕ ጨርቅ በንጹሕ ውኃ አርሰሽ ሸፍኚው፣ ኮኑን አጥብቀሽ ያዢ፣ ሂጂ።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ሳይነገረው ያጋጠመው ሰው ስለሚደነግጥ ነው። የማህፀን መግል ብዙ ጊዜ የሚመጣው ወንድ ፈልጋ ከጨረሰች ከሳምንታት በኋላ፣ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ከፍ ባለበት ወቅት ነው። እንቁልጢዎቹ ሲወጡ ይህ ሆርሞን ባንዴ ይወርዳል፤ ሰውነቷም የወለደች ሊመስለው ይችላል። ከቀናት በኋላ ጡቶቿ ሊያብጡ፣ ወተት ሊይዙ፣ ጨርቅ እየሰበሰበች ልትጎዘጉዝና አሻንጉሊት እንደ ቡችላ ታቅፋ ልታለቅስ ትችላለች። ጡቷን አትለቢ፣ አታሺ፤ ሲታለብ ወተቱ ይጨምራል። አብዛኛውን ጊዜ በሁለትና በሦስት ሳምንት ያልፋል። ጡቱ ከጠነከረ፣ ከጋለ ወይም ካመማት ሐኪም ይየው።

ስለ ጥፋተኝነትሽም ዝም ብዬ አላልፍም። ይህ ሕመም መግሉ ወደ ውጭ ሲፈስ ይታያል፤ የማህፀኗ በር ተዘግቶ ሲቀር ግን መጀመሪያ ላይ ከጥማትና ከመድከም በቀር ከውጭ የሚታይ ነገር ላይኖረው ይችላል። የውሻው መጠጣት መብዛቱን በሙቀት ያላመካኘ ሰው እምብዛም አላውቅም። ያልታከመች እንደሆነ መግሉ ደሟን ይመርዛል፣ ማህፀኗም ሊፈነዳ ይችላል። አንቺ ምግብ ስትተው ይዘሻት ሄድሽ፤ በዚያው ቀን እንድትታከም ፈቀድሽ። ማህፀኗና እንቁልጢዎቿ ሙሉ በሙሉ ወጥተው ከሆነ ይህ ሕመም ተመልሶ አይመጣባትም። ስለ እንቁልጢዎቹ ጠይቂ ያልኩሽ ለዚህ ነው፤ ከአንዱ ትንሽ ተርፎ ከቀረ ወደፊት ምልክት ስታዪ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ይረዳል። አሁን ሌሊቱን ተኚ፤ ቡቺን ጠዋት ድዷንና ቁስሏን የሚያይላት ዓይን ያስፈልጋታል።

ስፌቱ የሚወጣበት ቀን ሲደርስ ሐኪሙ ሳያየው ኮኑን አታውልቂ፤ የሚሟሟ ክር ቢሆንም እንኳ ሄዳ ትታይ። ከፈቀደ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ቤት ውስጥ አጠገቧ ተቀምጠሽ አውልቂላትና አንድ ሰዓት ያህል እዪያት። አንገቷን በጣም ታካለች፣ ራሷን ታራግፋለች፤ ኮኑ የፈተገው ቦታ ቀልቶ እንደሆነ ተመልከቺ። ሆዷን አንዴ አሽትታ ከተወችው ደኅና ነው። ወዲያው መላስ ከጀመረች መልሰሽ አድርጊላትና ለሁለት ቀን ጠብቂ። የእግር ጉዞውንም በየቀኑ አምስት አምስት ደቂቃ እየጨመርሽ፣ ለመጀመሪያው ሳምንት አሁንም በማሰሪያ አድርጊው።